የሥራ ጉዞን መርጦ መቀበል፦ በግሉ ለሚሠራ ባለሙያ

ተቀጣሪ ባለሙያ ፊልድ ሲወጣ ደመወዙ አይቋረጥም፤ አበሉ በላዩ ላይ ይጨመርለታል። በግሉ የሚሠራ አማካሪ፣ አሠልጣኝ፣ የሒሳብ ባለሙያ ወይም አስተርጓሚ ግን ከአዲስ አበባ በወጣ ቁጥር የጀመረው ሥራ ይቆማል፣ ሌላ ደንበኛ ደውሎ ያጣዋል፣ የቢሮ ኪራዩ ግን መቁጠሩን አይተውም። ስለዚህ በአበል ብቻ ተስቦ ጉዞ መቀበል ለተቀጣሪው ትርፍ ሲሆን ለእኛ ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው።

የምጽፈው ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች፣ አንዳንዴም ወደ ውጭ አገር ለግምገማና ለሥልጠና ሥራ ሲኬድ የሚሠራውንና የማይሠራውን ነው። ሁሉንም የሚያያይዘው አንድ ነገር አለ፦ የትኛው ጉዞ እንደሚወሰድ የሚወሰነው ስልኩ ከመጮኹ በፊት በተቀመጠ መስፈርት መሆን አለበት። ደዋዩ ሁልጊዜ ይቸኩላል፤ "ነገ ጠዋት ድረስ እሺ በሉኝ" ይላል። መስፈርት የሌለው ሰው ደግሞ የሚመልሰው በይሉኝታ ነው።

ቀኑን ከቤት በር እስከ ቤት በር መቁጠር

የአዲስ አበባ–ባሕር ዳር በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። "ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ነው" የሚባለው በዚህ ቁጥር ነው። እስቲ ከቤት በር እንቁጠረው። ከአያት ወይም ከጀሞ ተነስቶ ቦሌ ለመድረስ በጠዋቱ መጨናነቅ 1 ሰዓት። ለበር ፍተሻ፣ ለሻንጣና ለመሳፈሪያ ካርድ ከበረራው 2 ሰዓት ቀድሞ መገኘት። በረራው 1 ሰዓት። ወርዶ ሻንጣ ተቀብሎ፣ መኪና ይዞ ቢሮው በር ላይ ለመድረስ ሌላ 1 ሰዓት። በድምሩ 5 ሰዓት። መልሱም ያው ስለሆነ ለ2 ሰዓት ስብሰባ 10 ሰዓት መንገድ ላይ ይጠፋል። የማታው በረራ ከተሰረዘ ደግሞ ያልታሰበ አዳር አለ፣ የማግስቱም ቀን አብሮ ይሄዳል። ይህን ሥራ በግማሽ ቀን ዋጋ የተቀበለ ሰው አንድ ሙሉ ቀኑን በነጻ ሰጥቷል።

በመኪናም ቢሆን ስሌቱ አይለወጥም። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጅማ 350 ገደማ፣ ደሴ 400 አካባቢ። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነን መንገድ ሄዶ፣ ሠርቶ፣ በዚያው ቀን መመለስ ማለት በጨለማ መንዳት ማለት ነው። በጨለማ ከብት፣ መብራት የሌለው ጋሪና የተበላሸ ከባድ መኪና መንገድ ላይ አለ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አለመገኘትን በውሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ደንበኞች ሲጻፍ አይቃወሙትም፣ በቃል ሲባል ግን ይከራከራሉ።

ከመንገዱ ሌላ የማይታዩ ቀኖች አሉ። የ3 ቀን ሥልጠና እንውሰድ። ዝግጅት 2 ቀን፣ መሄጃና መመለሻ 2 ቀን፣ ሥልጠናው 3 ቀን፣ ሪፖርት 2 ቀን፣ ሒሳብ ማወራረድና የተጠራቀመ ኢሜይልና ስልክ መመለስ 1 ቀን። 10 ቀን ሆነ። የቀን ዋጋችሁ ለምሳሌ 12,000 ብር ከሆነና ደንበኛው የሚከፍለው "ሥልጠናው ለሚካሄድባቸው 3 ቀናት" ብቻ ከሆነ፣ 36,000 ብር ለ10 ሲካፈል ቀናችሁ 3,600 ብር ወጣ። ዝግጅቱንና ሪፖርቱን በሙሉ ዋጋ፣ የመንገድ ቀኖቹን በግማሽ ዋጋ ካስገባችሁ 96,000 ብር ይሆናል፤ ቀኑም 9,600 ብር ይወጣል። ጉዞ አዋጪ መሆኑ ወይም አለመሆኑ የሚታየው በዚህ የመጨረሻ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ በዚያው 10 ቀን ልታገኙት ከምትችሉት ጋር አወዳድሩት። ከሁለት ሦስተኛ በታች ከወረደ፣ ሌላ ጠንካራ ምክንያት ከሌለ በቀር ጥሪው የሚተው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው በወር ውስጥ 22 የሥራ ቀን ቢኖርም የሚሸጠው 22 አለመሆኑን ነው። ፕሮፖዛል መጻፍ፣ ግብር ቢሮ መመላለስ፣ ያልተከፈለ ሒሳብ መከታተልና አዲስ ደንበኛ ማነጋገር በቀላሉ 7 ቀን ይወስዳሉ። የቀረው 15 ነው። ከ15 ላይ ሦስት ያልተከፈለበት የመንገድ ቀን ሲነሳ የወሩ ገቢ አንድ አምስተኛ ሄደ ማለት ነው።

በአካል መገኘት የሚያስፈልገው መቼ ነው

በስልክና በዙም የማይሆን ሥራ አለ፤ እሱን ያለ ማመንታት ሂዱ። የንብረት ቆጠራ አንዱ ነው። ከመጋዘን የሚላክ ፎቶ የሚያሳየው የፊተኛውን የጆንያ ረድፍ ነው፤ ከኋላ ክምሩ መሀል ላይ ባዶ መሆኑን፣ የታችኛው ረድፍ እርጥበት ጠጥቶ መበስበሱን፣ ጆንያው ላይ የታተመው ዓመት ያለፈ መሆኑን የሚያየው ክምሩን ዞሮ የተመለከተና እጁን የሰደደ ሰው ነው። የግንባታ ርክክብ፣ የውሃ ጉድጓድና የማሽን ተከላም እንዲሁ ናቸው።

ሁለተኛው የሰዎች ጉዳይ ነው። የተኳረፉ ሁለት ክፍሎችን ማቀራረብ፣ ቀበሌ ድረስ ወርዶ እናቶችን ማነጋገር፣ ከአንድ ትልቅ ደንበኛ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ መተዋወቅ በርቀት አይሠምርም። አንድ ጊዜ ፊት ለፊት የተገናኘ የቢሮ ኃላፊ ከዚያ በኋላ ስልክ ያነሳል፤ ያልተገናኘ ግን ለደብዳቤም መልስ አይሰጥም። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ጉዞ በሙሉ ዋጋ አስገብቶ መሄድ፣ ቀጣዮቹን በስልክ ማድረግ ጥሩ አሠራር ነው።

ሦስተኛው ያልተከፈለ ሒሳብ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። የሥራችሁ ክፍያ እስከዚያ ካልወጣ ወደ አዲሱ በጀት ተዛውሮ እንደገና መፈቀድ ሊኖርበት ይችላል፤ ያ ደግሞ ወራት ይፈጃል። በሰኔ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፋይናንስ ክፍሉ በር ላይ መገኘት፣ የጎደለውን ሰነድ በዚያው ቀን አሟልቶ ማስፈረም የሚያዋጣ ጉዞ ነው፣ ምንም እንኳ ማንም አበል ባይከፍልበት። በሰኔ መጨረሻ ቀናት ግን ወረፋው ስለሚበዛ መሄዱ ብዙም አይረዳም።

መቅረት ያለባቸውም ይታወቃሉ። የመክፈቻ ፕሮግራም፣ ገለጻ የማታቀርቡበት ዐውደ ጥናት፣ ወርኃዊ የግምገማ ስብሰባ፣ "ለትውውቅ ብቅ በል" የሚባል ግብዣ፣ "ፕሮፖዛልህን መጥተህ አስረዳን" የሚባል ጥሪ። የመጨረሻው በተለይ አሳሳች ነው። ብዙ ጊዜ ሥራው ለማን እንደሚሰጥ ተወስኖ፣ የተወዳዳሪ ቁጥር ለመሙላት የሚደረግ ጥሪ ነው። መለየቱ አይከብድም፦ የአየር ቲኬቱን ቻሉልኝ በሉ። በእርግጥ የፈለጋችሁ ደንበኛ ወይ ይችላል፣ ወይ በዙም እናድርገው ይላል። "ሥራው ከተሰጠህ በኋላ ይታሰብልሃል" የሚል መልስ ከመጣ ቤታችሁ ቁጭ በሉ። "ወደፊት ብዙ ሥራ አለ" የሚባለውም በዚሁ ሚዛን ይመዘን።

እሺ ከማለት በፊት በስልክ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ከእኔ የሚጠበቀው ምንድን ነው፣ የትኛው ክፍል በአካል መሆን አለበት፣ የሚያነጋግሩኝ ሰዎች በዚያ ቀን መኖራቸውን ማን አረጋገጠ፣ ቲኬቱን ማን ይገዛል፣ ክፍያው በስንት ቀን ይለቀቃል። ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ወረዳ ድረስ ተኪዶ "ኃላፊው ለስብሰባ ክልል ተጠርተዋል" መባል በጣም የተለመደ ነው፤ ሁለት ቀን በሆቴል በረንዳ ላይ ያልፋል።

ወቅቱን መምረጥ

ጥሩ ሥራ በመጥፎ ጊዜ ሲሆን መጥፎ ጉዞ ነው። ሐምሌ ላይ አዲሱ በጀት ገና አልተለቀቀም፣ ግማሹ ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ገጠር ለገጠር የሚኬደውን መንገድ ይቆርጣል፤ በጎጃም መስመርም ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለት መሬቱ ስለሚንሸራተት በክረምት እርግጠኛ የጉዞ ሰዓት መናገር አይቻልም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ደግሞ ቆላው ወባ ነው። ጋምቤላ፣ መተማ፣ የአዋሽ ሸለቆ፣ በጥቅሉ ከ2,000 ሜትር በታች የሆነ ቦታ ሲኬድ አጎበርና መከላከያ መድኃኒት ከሐኪም ጋር ተመካክሮ መያዝ ያስፈልጋል። በግሉ የሚሠራ ሰው የሕመም ፈቃድ የለውምና ከተመለሱ በኋላ የሚተኛበት ሳምንት የማን ወጪ እንደሆነ ግልጽ ነው። ሰመራ በሰኔ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ መብራት በጠፋበት አዳራሽ ከቀትር በኋላ ሥልጠና መስጠት አይቻልም።

ጾምም በዋጋው ውስጥ ይገባል። በረመዳን ጅግጅጋ ወይም ሰመራ ላይ ሥልጠና ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ እስከ 6 ሰዓት ቢሄድ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተቀመጠው ሰው አያዳምጥም፣ ማዳመጥም አይጠበቅበትም። የ3 ቀን ይዘት 5 ቀን ይሆናል ማለት ነው። ዓርብ ቀንም የጁምዓ ሶላት ስላለ ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ አይታቀድም። በዐቢይ ጾምም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ተሳታፊ ይኖራልና የምሳ ሰዓቱን ማን ምን እንደሚፈልግ ጠይቆ ማስተካከል ይገባል። ይህን አስቀድሞ የማያነሳ ባለሙያ ተጨማሪውን ቀን ከራሱ ኪስ ይከፍላል።

ስለ ደህንነት ከደንበኛው ብቻ አትጠይቁ። ደንበኛው ሥራው እንዲያልቅለት ስለሚፈልግ "ሰላም ነው" ይላል። በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለስ ሾፌርና ከተማው ውስጥ የሚኖር አንድ የምታምኑት ሰው ይጠየቁ፣ ከመነሳት በፊት ባለው ምሽትና በዕለቱ ጠዋት። ሁለቱ የተለያየ ነገር ከተናገሩ ጉዞው ይቆይ። አየር መንገዱ ስለሚበር ብቻ መተማመንም አይበቃም፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ጎንደርና ላሊበላ የሚደረገው በረራ በድንገት ተቋርጦ በዚያ የነበረ ሰው መመለሻ አጥቶ ነበር። በውሉ ውስጥ "በጸጥታ ምክንያት ጉዞውን የማቋረጥ ውሳኔ የአማካሪው ነው፤ እስከዚያ ድረስ የተሠራባቸው ቀናት ይከፈላሉ" የሚል አንድ መስመር ይኑር።

ደብዳቤ ሳይያዝ አይኬድም

ለመረጃ ማሰባሰብ የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያቃጥለው ቀን በደብዳቤ ነው። ወረዳው ያለ ዞኑ፣ ዞኑም ያለ ክልሉ ቢሮ አያነጋግርም። የትብብር ደብዳቤው ከክልል ቢሮ ወደ ዞን መምሪያ፣ ከዞን ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ቀበሌ ይወርዳል፤ በየደረጃው ኃላፊው ካለ ግማሽ ቀን፣ ከሌለ ሁለት ቀን ይወስዳል። ይህን የደንበኛው ተጠሪ እንዲጨርሰው አድርጉ፣ ከመነሳታችሁ ቢያንስ 7 የሥራ ቀን ቀደም ብሎ። ቅጂው በስልክ ሲላክላችሁ አራት ነገር ተመልከቱ፦ የወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ክብ ማኅተም። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ላይ ይመለሳል። ስማችሁ በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ከነአያት መጻፉንም አረጋግጡ። ዋናውን አትሙና ሦስት ቅጂ ያዙ፤ ወረዳ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ይኖራል፣ መብራት ግን ላይኖር ይችላል።

ገንዘቡን ከመነሳት በፊት መጨረስ

ቲኬቱን ራሱ ደንበኛው ይግዛ። ምክንያቱ የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቲኬቱን ገዝታችሁ በራሳችሁ ደረሰኝ ላይ ጨምራችሁ ስታስከፍሉ ያ ገንዘብ የእናንተ ሽያጭ ሆኖ ይመዘገባል፤ ቫት የተመዘገባችሁ ከሆነ 15 በመቶው ይጨመርበታል፣ ከፋዩም በእሱ ላይ ጭምር ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ተቀንሶ የሚያዝ ቅድመ ግብር) ይቆርጣል። አንድ ብር ያላተረፋችሁበት ገንዘብ የዓመቱን ሽያጭ ያሳብጣል። ደንበኛው በቀጥታ ከገዛው ግን በእናንተ መዝገብ አያልፍም። ሆቴሉም ቢቻል በደንበኛው ስም ይያዝና ሒሳቡ ለእሱ ይላክ።

ለምግብና ለአዳር በደረሰኝ ከሚወራረድ ይልቅ የተቆረጠ የቀን አበል ይሻላል። አነስተኛ ከተማ ውስጥ ያለ ምግብ ቤት የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን አይኖረውም፤ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ደግሞ የደንበኛው ፋይናንስ ክፍል አይቀበልም። የባጃጅ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ለከተማ ውስጥ መጓጓዣ በቀን የተወሰነ ብር ተብሎ ይጻፍ። በደረሰኝ ብቻ ነው የሚል ደንበኛ ካጋጠመ፣ ከማረፍ በፊት ለሆቴሉ ደውሎ ማሽን ያለው መሆኑን መጠየቅ፣ የደንበኛውን ስምና የቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይዞ መሄድና ደረሰኙ ላይ በትክክል መግባቱን ካውንተሩ ላይ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። በቲኑ አንድ አኃዝ ስህተት ብቻ ብዙ ደረሰኝ ይወድቃል።

ውሉ ላይ መግባት ያለባቸው ሦስት ሐሳቦች አሉ። የመጠበቂያ ቀን፦ በደንበኛው ወይም በሚጎበኘው መሥሪያ ቤት ምክንያት ሥራ ያልተሠራበት ቀን እንደ ሥራ ቀን ይከፈላል። መሰረዝ፦ ከ3 ቀን ባነሰ ማስታወቂያ ከተሰረዘ ለተያዙት ቀናት ግማሽ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ከእነዚሁ የመጀመሪያው ቀን በሙሉ ዋጋ። ቅድሚያ ክፍያ፦ ቢያንስ የጉዞው ወጪ በሙሉ ከመነሳት በፊት በባንክ ይገባል። ሦስተኛው ላይ ብዙ ባለሙያ ይለሳለሳል፤ ነገር ግን ወጪውን ከራሱ አውጥቶ ሁለትና ሦስት ወር የሚጠብቅ ሰው ያለ ወለድ ለድርጅት እያበደረ ነው። ሌላው ቢቀር ቅድሚያው እስኪገባ ከቤት አትውጡ።

የውጭ አገር ጥሪ

ከውጭ የሚመጣ ግብዣ በክብሩ ያጓጓል። የሚመዘነው ግን በፓስፖርቱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባወጣው ውሳኔ የሸንገን ቪዛ መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አለ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥም ተደረገ። ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ዋጋው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። በዚህ ላይ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ዋስትና፣ ከመመለሻው ቀን በኋላ 3 ወር የሚቀረው ፓስፖርት፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስና የባንክ ስቴትመንት ይጠየቃል። ተቀጣሪ ከመሥሪያ ቤቱ "ይመለሳል" የሚል ደብዳቤ ያመጣል፤ እኛ ያንን የምንተካው በሰነድ ነው። ከጉዞው በኋላ የሚጀምር የተፈረመ ውል ካለ ማያያዝ በጣም ይረዳል።

ከክፍያው የሚበልጠው ወጪ ግን ሌላ ነው። ፓስፖርቱ ኤምባሲ ባለበት ሳምንታት ወደ ናይሮቢ፣ ካምፓላ ወይም ጅቡቲ የሚጠራ ሥራ ቢመጣ መሄድ አይቻልም። ለ2 ቀን ጉባኤ ሲባል ወር ተኩል ከአገር መውጣት አለመቻል ነው ነገሩ። ስለዚህ ማመልከቻው ከ6 ወር ቀደም ብሎ ሊገባ ስለሚችል፣ ግብዣው ከ3 ወር በፊት በጽሑፍ ካልደረሰ ይቅርታ ጠይቆ በርቀት ገለጻ ማቅረብ ይመረጣል። ግብዣው ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ በግልጽ ካላስቀመጠ ኤምባሲው ጋ ዋጋ የለውም።

ሁለት ተጨማሪ ነገሮች። ለስብሰባ በተሰጠ ቪዛ ገብቶ በክፍያ ማሠልጠን በብዙ አገር ሕግ የተከለከለ ነው፤ ክፍያ ካለ የቪዛውን ዓይነት አስቀድሞ ከጋባዡ ጋር መጨረስ ይገባል። የቢጫ ወባ ካርድም የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ የጉዞው ዋዜማ ተከትቦ አይሆንም። አንዴ ከተወሰደ ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

በብር ዋጋ ሰጥቶ በዶላር የሚወጣ ወጪ መሸከምም አደገኛ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የዓለም አቀፍ ቲኬትና ሆቴልን በብር ጨምረው ውል የፈረሙ ሰዎች ልዩነቱን ራሳቸው ቻሉ። ከጉዞ ጋር የተያያዘ የውጭ ምንዛሪ ወጪ ሁሉ በውሉ ውስጥ በዶላር ተጽፎ "በክፍያው ዕለት ባለው የባንክ መሸጫ ዋጋ" ይባል፤ የፕሮፎርማው የአገልግሎት ጊዜም ከ15 ቀን አይለፍ።

እንቢ ሲባል

ክልል ያሉ ኃላፊዎች ብዙ ጊዜ በአካል አለመገኘትን እንደ ንቀት ያዩታል። በጽሑፍ ብቻ "አልችልም" ብሎ መላክ ግንኙነቱን ይጎዳል። መጀመሪያ ደውሉ፣ ጤንነትና ቤተሰብ ጠይቁ፣ ምክንያቱን ንገሩ፣ ከዚያ በጽሑፍ አረጋግጡ። የሚከተለው ዓይነት መልእክት ይሠራል፦

"ጤና ይስጥልኝ። በስልክ እንደተነጋገርነው ስለ ግብዣው ከልብ አመሰግናለሁ። በኅዳር 12ቱ ስብሰባ በአካል መገኘት ባልችልም፣ ከእኔ የሚጠበቀው የረቂቅ ሪፖርቱ ማብራሪያ በመሆኑ ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት በዙም አቀርባለሁ፤ ገለጻውንም ኅዳር 10 እልክልዎታለሁ። በአካል መገኘቴ ግዴታ ከሆነ የ2 ቀን ክፍያና የአየር ቲኬቱ በመሥሪያ ቤትዎ እንደሚሸፈን በጽሑፍ ቢያሳውቁኝ መርሐ ግብሬን አስተካክላለሁ። ለስብሰባ አዲስ አበባ ሲመጡ ደግሞ ያረፉበት ድረስ መጥቼ ላገኝዎት ዝግጁ ነኝ።"

የመጨረሻዋ መስመር ትልቅ ጉልበት አላት። የክልልና የዞን ኃላፊዎች ለሚኒስቴር ስብሰባ አዲስ አበባ ይመላለሳሉ። ማታ ያረፉበት ሆቴል ሄዶ ሻይ ጠጥቶ አንድ ሰዓት መነጋገር፣ ቢሯቸው ድረስ ተጉዞ ወረፋ ከመያዝ ይልቅ ብዙ ነገር ይጨርሳል፤ አክብሮቱም ሙሉ ነው። ሰዓቱን ስትጽፉ ከውጭ ደንበኛ ጋር ከሆነ ጠዋት ወይም ማታ ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ሁለቱንም አስቀምጡ።

በቦታው ሰው መተካትም አለ። በየከተማው አንድ የምታውቁት ባለሙያ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ወይም ልምድ ያለው መረጃ ሰብሳቢ ቢኖር፣ ለአንድ ቀን ቃለ መጠይቅና ፎቶ እሱን መክፈል ቲኬትና አዳር ከመክፈል ይቀንሳል። መጠይቁን ከነማብራሪያው ላኩለት፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃለ መጠይቆች በዚያው ማታ አንብባችሁ አርሙት፤ ሁሉንም ጨርሶ ከላከ በኋላ የሚገኝ ስህተት አይስተካከልም።

የማይቀር ጉዞ ሲሆን ማጣመር

ምሥራቁን ለይቶ ማየት ይቻላል። ድሬዳዋ በአውሮፕላን ገብቶ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሐረር፣ ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጅግጅጋ በመኪና ሄዶ፣ ከጅግጅጋ በአውሮፕላን መመለስ ሦስት ደንበኛን በአንድ ዙር ያዳርሳል። በደቡብ መስመርም ዝዋይ፣ ሻሸመኔና ሐዋሳ አንድ መንገድ ላይ ናቸው። ለሦስቱም "ከኅዳር 8 እስከ 14 በዚያ አካባቢ ነኝ" ብሎ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ ነው፤ ሁለቱ ቀናቸውን ያስተካክላሉ። የቲኬቱን ወጪ ግን ለሦስቱም ማካፈል እንጂ ከእያንዳንዱ ሙሉውን መቀበል አይገባም፤ ከተሞቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሰው ይነጋገራል፣ የሙያ ስም ደግሞ ከአንድ ቲኬት ይበልጣል።

ከተመለሱ በኋላ

ሒሳቡን በ3 ቀን ውስጥ አስገቡ። የማሽን ደረሰኝ የሚታተመው በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ላይ ስለሆነ፣ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይጠቁራል፣ ኪስ ውስጥ ሲቆይ ደግሞ ጽሑፉ ይጠፋል። በየማታው ሆቴል ስትገቡ ቀኑ፣ መጠኑና ቲኑ እንዲነበብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት፤ ወረቀቱን መጽሐፍ መሀል አስገቡ። የመሳፈሪያ ካርዱን ቁራጭም አትጣሉ፣ ብዙ ፋይናንስ ክፍል ያለ እሱ የአየር ጉዞን አያወራርድም። ክፍያው ሲለቀቅ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙን አብሮ መቀበል ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ የተቆረጠባችሁ ገንዘብ በዓመቱ ግብር ላይ አይያዝላችሁም፣ በስልክ ሲጠየቅ ደግሞ ወራት ይወስዳል። በመጨረሻ በአንድ ገጽ ላይ የታቀደውን ቀን፣ በእርግጥ የፈጀውን ቀን፣ የተከፈለውንና የገባበትን ቀን ጻፉ። ያ ደንበኛ በድጋሚ ሲደውል መጀመሪያ የሚታየው ገጽ እሱ ነው፤ አዲሱም ዋጋ ከዚያ ይነሳል።